የወደቀችው ዳስ

ምንባብ፦ ትንቢተ አሞጽ 9፥7–15



በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ አገር፣ ከኢትዮጵያ ወሰን ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኡም ራኩባ የሚባል ስፍራ አለ። ራኩባ በሱዳን ዐረብኛ ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ መጠለያ ነው፤ የእኛ ሰው ዳስ የሚለው ዓይነት ነው። ኡም ማለትም እናት ነው። እንግዲህ ስሙ ወደ ቋንቋችን ቢመለስ የዳስ እናት እንደ ማለት ይሆናል። ይህን የምንናገረው የቋንቋ ዕውቀት ለማሳየት አይደለም። ዛሬ የተነበበልን ነቢይ የእስራኤልን ተስፋ የሰቀለው በአንዲት ዳስ ላይ ስለ ሆነ ነው።

አሞጽ በመጽሐፉ መደምደሚያ እግዚአብሔር የወደቀችውን የዳዊትን ማደሪያ እንደሚያነሣ፣ ቀዳዳዋንም እንደሚደፍን ይናገራል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ድንኳን የተባለው በዕብራይስጡ ሱካ ነው። ይህም እስራኤል በዳስ በዓል ሰባት ቀን የሚቀመጡበት የቅርንጫፍ መጠለያ ስም ነው (ዘሌዋውያን 23፥42)። ነቢዩ ስለ ዳዊት መንግሥት ሲናገር ቤት ሊል ይችል ነበር፤ ናታን ለዳዊት የነገረው ተስፋ ስለ ቤትና ስለ ዙፋን ነበርና (2 ሳሙኤል 7)። አሞጽ ግን ዳስ አለ፤ ያውም የወደቀች ዳስ። የድንጋይ ቤት ቢፈርስ ግንቡ ይቀራል፤ የልጅ ልጅም መጥቶ፣ «የአባቶቼ ቤት ይህ ነበረ» ይላል። ዳስ ሲወድቅ ግን ሣሩን ከብት ይበላዋል፤ እንጨቱንም ጎረቤት ለማገዶ ይወስደዋል። የቀድሞው ስፍራም ከሁለት ክረምት በኋላ አይታወቅም። ነቢዩ የሚነሣው ይህ ነው ይለናል።

አንዳንድ ሊቃውንት እነዚህ የመጨረሻ ቁጥሮች ከባቢሎን ምርኮ በኋላ የተጨመሩ ናቸው ይላሉ። ቢሆንም ቃሉ አይቀልብንም፤ እንዲያውም ይከብዳል። የጻፈው ሰው የኢየሩሳሌምን መቃጠል ያየ፣ ዳሷም ስትወድቅ ድምፅዋን የሰማ ነው ማለት ነውና። ተስፋውንም የገለጠበትን መንገድ ተመልከቱ። እህሉ ከመብዛቱ የተነሣ አጫጁ ገና ከማሳው ሳይወጣ የሚመጣው ዓመት አራሽ ሞፈርና ቀንበሩን ይዞ ከኋላው ይደርስበታል። ሕዝቡ ባድማውን ከተማ ሠርተው ይቀመጡበታል፤ የተከሉትንም ወይን ራሳቸው ይጠጡታል፤ ከዚያም በኋላ ከመሬታቸው የሚነቅላቸው የለም። አሞጽ እረኛና የሾላ ፍሬ ለቃሚ ነበረ (7፥14)፤ ስለዚህ ድሃ ገበሬ ሌሊት ተኝቶ የሚያልመውን ያውቃል።

በዚያው ምዕራፍ በቁጥር 7 የኢትዮጵያ ስም ተጠርቷል። በደጋው አገራችን ይህን ቁጥር በኩራት የሚጠቅሱ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በዕብራይስጡ የተጻፈው ኩሽ ነው፤ ኢትዮጵያ ብለው የመለሱት የግሪክ ተርጓሚዎች ናቸው። በነቢያት ዘመን ኩሽ ይባል የነበረው ከግብፅ በስተደቡብ ያለው የናፓታና የመርዌ አገር፣ ይኸውም በአብዛኛው የዛሬው ሱዳን ነው። ስለዚህ በስሙ ከተነጋገርን ኡም ራኩባ ከጎንደር ይልቅ ለነቢዩ ቃል ትቀርባለች። ደግሞም ነቢዩ ስሙን የጠራው ማንንም ለማስኮራት አልነበረም። ከግብፅ መውጣቱን እንደ ልዩ የርስት ደብተር ይዞ ለሚመካ ሕዝብ፣ በእግዚአብሔር ፊት ከሩቆቹ ከኩሽ ሰዎች የማይለይ መሆኑን ይነግረዋል። ፍልስጥኤማውያንን ከከፍቶር፣ ሶርያውያንንም ከቂር ያወጣ ይኸው አምላክ ነው ይለዋል። ጠላቶቹም የየራሳቸው የስደት መንገድ አላቸው፤ በመንገዳቸውም የመራቸው ሌላ አምላክ አልነበረም። ይህን ነገር አንርሳ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ነቢያት የተበተኑት የሚሰበሰቡባቸውን አገሮች ሲቈጥሩ ኩሽን ከአሦርና ከግብፅ ጋር ይጠራሉ (ኢሳይያስ 11፥11)። ሶፎንያስም ከኩሽ ወንዞች ማዶ መባ ይዘው የሚመጡ የተበተኑ ምእመናንን አየ (3፥10)። በደምቢያ፣ በስሜን፣ በወልቃይትና በትግራይ የኖሩት ቤተ እስራኤል ይህን ቃል በግእዝ መጻሕፍታቸው ያነቡት ነበር። በየዓመቱም ከማስተሥረያ በዓላቸው በኋላ በኀምሳኛው ቀን፣ ስግድ በሚሉት በዓል፣ ቄሶቻቸው ኦሪቱን ተሸክመው፣ ሕዝቡም ጾሞ ወደ ተራራ ይወጣል። በዚያም በነህምያ ዘመን እንደ ተደረገው ኪዳን ያድሳሉ፤ ፊታቸውንም ወደ ኢየሩሳሌም መልሰው ይሰግዳሉ። ጎረቤቶቻቸው ግን ፈላሻ ይሏቸው ነበር፤ ርስት የሌለው ፈላሽ ለማለት ነው። ማረሻውን የቀጠቀጠላቸውን አንጥረኛ፣ ገንቦውን የሠራችላቸውን ሸክላ ሠሪ ቡዳ ብለው ይሸሹ ነበር። በቀጠቀጠው ማረሻ እያረሱ እጁን ይፈሩ ነበር!

በወንጌላውያን ሚሲዮን ታሪክም ይህ ሕዝብ ስሙ የታወቀ ነው። በ1847 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ጀርመናዊው ማርቲን ፍላድ፣ ከእርሱም በኋላ የመጣው ሄንሪ ስተርን፣ በደምቢያ በጀንዳ አካባቢ ወንጌልን ሰበኩላቸው። ከካህናቶቻቸውም ጋር በእነዚሁ ነቢያት ላይ ብዙ ተከራከሩ፤ የክርክሩ ፍሬ ነገርም መሢሕ መጥቷል ወይስ ገና ይመጣል የሚል ነበር። በዚያው ወራት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1862፣ አባ መሐሪ የሚባሉ የቤተ እስራኤል መነኵሴ የመመለሻው ጊዜ ደርሷል ብለው ተነሡ። ሕዝቡም ቤቱንና እርሻውን ትቶ፣ ባሕሩ በሙሴ ዘመን እንደ ተከፈለ ይከፈልልናል ብሎ ተከተላቸው። ጉዟቸው ከትግራይ አላለፈም። ብዙዎች በራብና በበሽታ አለቁ፤ የቀሩት ከፊሎቹ በዚያው ኖሩ፤ ሌሎቹም ባዶ እጃቸውን ወደ ጎንደር ተመለሱ።

በእነዚህ ሰዎች ላይ የሚስቅ ሰው ካለ አሳቡን ይግታ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ዙፋን ላይ የተቀመጡት ንጉሥ ካሣ ኃይሉ፣ ዓለምን በጽድቅ የሚገዛ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል ስለ ተባለ ስሙን ለራሳቸው ወስደው ነበር። እርሳቸውም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ በገዛ እጃቸው ሞቱ። በተስፋው ቃል ላይ ቀን መቍረጥና ስም መለጠፍ የአንድ ወገን በሽታ አይደለም። ደቀ መዛሙርት እንኳ ከትንሣኤ በኋላ፣ መንግሥት ለእስራኤል የሚመለስበት ወራት አሁን ይሆን ወይ ብለው ጠይቀዋል (የሐዋርያት ሥራ 1፥6)። ጌታም ዘመኑን ማወቅ የእነርሱ እንዳይደለ ነገራቸው። ነገር ግን፣ ይህ በሚገባ ይታሰብ፣ ተስፋው ከንቱ ነው አላላቸውም።

ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። በ1965 ዓ.ም. በእስራኤል አገር የስፋራዳውያን ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል በእውነት አይሁድ ናቸው ብለው ፈረዱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም መንግሥቱ የመመለሻውን ሕግ ለእነርሱ አጸናላቸው። ነገር ግን ከደርግ ኢትዮጵያ መውጫ በር አልነበረም። መንገዱ በሱዳን በኩል ሆነ፤ በመጀመሪያ ከትግራይና ከወልቃይት፣ ኋላም በ1976 ዓ.ም. ከጎንደር መንደሮች በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በእግሩ ወጣ። ቀን በጫካ ተሸሽገው፣ ሌሊት እየተጓዙ፣ ሽፍታ እየገፈፋቸው ሳምንታት ሄዱ። ከደጋ የወረደ ሕዝብ በቈላው ሙቀት ገዳሪፍ ደረሰ። ብዙዎቹም በኡም ራኩባ ሰፈሩ።

በሰፈሩ ውስጥ ማን እንደ ሆኑ መናገር አልቻሉም፤ በአደባባይ መጸለይ፣ ሙታንንም እንደ ልማዳቸው መቅበር አስጨናቂ ሆነባቸው። ኩፍኝ፣ ወባና ተቅማጥ ገባባቸው። በመንገድና በሰፈሮቹ የሞቱት 4,000 ያህል እንደ ሆኑ ይገመታል። ከኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም. ጀምሮ ሌሊት በአውቶቡስ ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም፣ ከካርቱምም በአውሮፕላን በብራስልስ በኩል ወደ እስራኤል ያሻግሯቸው ጀመር። ይህም የሙሴ ዘመቻ ተባለ። ከ6,000 የሚበልጥ ሕዝብ ተሻገረ። ነገሩ በጋዜጣ ወጥቶ ዓለም ሲሰማው የሱዳን መንግሥት ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. አቆመው። ያ ቀን በአገራችን የልደት በዓል ሊከበር ሁለት ቀን ብቻ የቀረው ዕለት ነበር። ሰብሉ የጠፋባት አገራችን በራብ እያለቀሰች የሕፃኑን መወለድ ልትዘምር ስትዘጋጅ፣ በገዳሪፍ አጠገብ የቀሩት ተራቸው ያልደረሰ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም 500 ያህሉ በመጋቢት በአሜሪካ አውሮፕላኖች ተወሰዱ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሕዝብ ተሻገረ።

ይህን የሰሙ ብዙ ክርስቲያኖች ኢሳይያስንና ሶፎንያስን ገልጠው፣ «እነሆ ተፈጸመ» አሉ። እኛ እንዲህ ለማለት አንቸኩልም፤ ምክንያታችንም ለቃሉ ክብር ስላለን ነው። ዘካርያስ ስለ ኢየሩሳሌም መታደስ ሲናገር በመጀመሪያ ያየው ምንድር ነው? ሠራዊት አይደለም፤ መቅደስም አይደለም። ከዕድሜያቸው ብዛት የተነሣ ምርኵዝ ይዘው በአደባባይ የሚቀመጡ ሽማግሎችንና አሮጊቶችን፣ በመንገዱም የሚቦርቁ ወንዶችና ሴቶች ልጆችን ነው (8፥4–5)። አሁን ወደ ኡም ራኩባ ተመልሰን እንይ። በዚያ ሰፈር ፈጥነው የሞቱት እነማን ነበሩ? ሽማግሎችና ሕፃናት ናቸው። ነቢዩ ለኢየሩሳሌም መንገድ የቈጠራቸው እነዚያው ሰዎች በገዳሪፍ አፈር ውስጥ ቀሩ። አውሮፕላኑ የደረሰው ለቀሪዎቹ ነው። በስግድ ቀን ልጁን በትከሻው ይዞ ወደ ተራራ ይወጣ የነበረ አባት፣ ልጁን በዚያ ቀብሮ ብቻውን ቢሻገር፣ ተስፋው ተፈጽሞልሃል እንለዋለንን? የምንለው ከሆነ ተስፋውን አሳንሰነዋል።

ኤርምያስም እንዲህ አላደረገም። የመመለሱን ደስታ በሚያበሥርበት ምዕራፍ መካከል ራሔልን አስቀምጧታል፤ ስለ ልጆቿ ታለቅሳለች፤ የሚያጽናናትንም አትቀበልም (31፥15)። ነቢዩ የእርሷን ልቅሶ ከደስታው መዝሙር አላወጣውም። እግዚአብሔርም ዝም በይ ብሎ አልገሠጻትም፤ ልጆቿ ከጠላት አገር እንደሚመለሱ ተስፋ ሰጣት እንጂ። ከጠላት አገር መመለስ ግን ለሞተ ልጅ እንዴት ይሆናል? ይህን ጥያቄ ሕዝቅኤል በአጥንቶቹ ሸለቆ ፊት ለፊት ተገናኘው። በምርኮ ያሉት፣ አጥንታችን ደርቋል፣ ተስፋችንም ጠፍቷል ሲሉ፣ እግዚአብሔር መቃብራቸውን ከፍቶ እንደሚያወጣቸውና ወደ ምድራቸው እንደሚያገባቸው ይናገራል (37፥11–14)። ነቢዩ በመጀመሪያ የተናገረው ስለ ምርኮኛው ሕዝብ መነሣት እንደ ሆነ እናውቃለን። ሆኖም ቃሉ ከዚያ ይሰፋል። መቃብር የማይከፍት መሢሕ ለኡም ራኩባ መሢሕ ሊሆን አይችልም። እኛ ኢየሱስ ክርስቶስን የምንሰብከው በዚህ ምክንያት ነው፤ እርሱም ራሱ ከሰፈሩ ውጭ ተሰቅሎ በሰው መቃብር ተቀብሮ ነበርና። ዮሐንስ ቃል ሥጋ ሆነ ሲል የተጠቀመበት የግሪክ ቃል በመካከላችን ድንኳን ተከለ ማለት ነው (1፥14)። የዳዊት ልጅ የመጣው ወደ ወደቀችው ዳስ ነው።

ይህን ስንል ግን ለቤተ እስራኤልና ለአይሁድ ሁሉ የተሰጠውን ቃል ነጥቀን ለራሳችን እንዳንወስድ እንጠንቀቅ። በረከቱን ለእኛ፣ እርግማኑን ለእነርሱ እያከፋፈሉ ነቢያትን ማንበብ በክርስቲያኖች ዘንድ የቈየ ልማድ ነው። ማርቲን ሉተርም በስተርጅናው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1543፣ በአይሁድ ላይ የጻፈው መጽሐፍ ከዚህ ልማድ የተወለደ ክፉ ጽሑፍ ነው። የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ዛሬ በግልጽ ይኰንኑታል፤ ሊኰንኑትም ይገባል። ሐዋርያው ጳውሎስ የእግዚአብሔር ስጦታና ጥሪ የማይታጠፍ መሆኑን ስለ እነርሱ ጽፎልናል (ሮሜ 11፥29)። እርሱ ያላጠፈውን እኛ አናጥፍም።

አሁን ወደ ተውነው ነገር እንመለስ። በዚያ ዓመት በምሥራቅ ሱዳን የነበሩት ቤተ እስራኤል ብቻ አልነበሩም። ከትግራይና ከሌላውም አውራጃ ራብና ጦርነት ያሰደዳቸው በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠሩ ክርስቲያኖችና እስላሞች በየሰፈሩ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም በዚያው በሽታ ሞቱ። ለእነርሱ አውሮፕላን አልመጣም። በየትኛው ነቢይ ይጽናኑ? ስለ ከፍቶርና ስለ ቂር በተናገረው በአሞጽ ነው እንላለን። ያዕቆብም በኢየሩሳሌም ጉባኤ፣ ከአሕዛብ ያመኑት እንዴት ይሁኑ ተብሎ በተጨቃጨቁ ጊዜ፣ ያነሣው ይኸንኑ ስለ ዳሷ የተጻፈውን ቃል ነበር (የሐዋርያት ሥራ 15፥16–17)። በዕብራይስጡ የኤዶም ቅሬታ የተባለውን የግሪኩ ትርጕም የቀሩት ሰዎች ብሎ ያነበዋል፤ ሁለቱ ቃላት በዕብራይስጥ ፊደል እጅግ ይቀራረባሉና። ያዕቆብ በግሪኩ ንባብ፣ ዳሷ የምትነሣው የቀሩት ሰዎች ሁሉ ጌታን እንዲፈልጉ ነው አለ። የቀሩት ማለት ምን እንደ ሆነ በኡም ራኩባ የቀረ ሰው ያውቀዋል።

ይህም ያለፈ ታሪክ ሆኖ አልቀረም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከሑመራና ከአካባቢው ሸሽቶ፣ የተከዜን ወንዝ በሐምዳይት ተሻግሮ ሱዳን ገባ። የሱዳን መንግሥትም ያንኑ ኡም ራኩባን ዳግመኛ ከፈተው። ከአርባ ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ በሣር ጥላ በተሸፈነው መሬት ላይ እንደ ገና ራኩባ ተሠራ። ምንም የሌላቸው የሱዳን መንደርተኞች እንጀራቸውንና ውኃቸውን ለእንግዶቹ አካፈሉ፤ ኤርምያስን ከጭቃው ጕድጓድ በአሮጌ ጨርቅ ጎትቶ ያወጣው ኩሻዊው አቤሜሌክ በዚህ ምድር ዘር አልጠፋበትም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት በሱዳን ራሷ ተነሣ፤ ስደተኛውን ያስጠጉት ራሳቸው ተሰደዱ።

በየጉባኤያችን በእሑድ ጸሎት ስለ ስደተኞች እንጸልያለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን ወንድሞች ሆይ፣ እነዚህ ሰዎች የተሰደዱት በእኛው ዘመን፣ ከእኛው ደጋ፣ ከፊሉም መዝሙር ከሚዘምር ሰው እጅ ሸሽተው ነው። አሞጽ ስለ ዳሷ መነሣት ከመናገሩ በፊት ስምንት ምዕራፍ ሙሉ የሚገሥጸው ድሃን በጥንድ ጫማ የሚሸጡትን ነው፤ መዝሙራቸውንም እግዚአብሔር ከፊቱ እንዲያርቁት ያዝዛል (2፥6፤ 5፥23)። ያን ሳይሰሙ ወደ ዘጠነኛው ምዕራፍ መዝለል አይቻልም። ከሰፈራችን የወጣው ጎረቤት መሬቱ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ፣ ቤቱን ማን እንደ ያዘው የምናውቅ አንዳንዶች አለን። ተስፋው፣ የተከለው ሰው ራሱ ይበላል የሚል ነው።

ወደ ኢየሩሳሌም የደረሱትም ድካማቸው በዚያ አላበቃም። በመስከረም 1978 ዓ.ም. ረቢዎች አይሁድነታቸው ሙሉ እንዲሆን የመንጻት ሥርዓት ይፈጽሙ ባሏቸው ጊዜ፣ ከኡም ራኩባ የተረፉት ሰዎች በኢየሩሳሌም ከዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው አቤት አሉ። ስለ ስሟ ልጆቻቸውን የቀበሩላት ከተማ ማንነታቸውን ጠየቀቻቸው። በሄርጽል ተራራ በመንገድ ለሞቱት መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል፤ በየዓመቱም በኢየሩሳሌም ቀን በዚያ ይሰበሰባሉ። ስግድንም በ2000 ዓ.ም. የእስራኤል ምክር ቤት የአገር በዓል አደረገው። በዚያ ቀን ከየከተማው መጥተው ከአሮጌው ከተማ ፊት ለፊት ባለው ከፍታ ላይ ይቆማሉ። ቄሶቹ ባለ ጥለት ጃንጥላ ተይዞላቸው በግእዝ ያነባሉ፤ ሕዝቡም ጾሞ ይሰግዳል። ኢየሩሳሌም በዓይናቸው ፊት ናት፤ የመቅደሱ ስፍራ ከዚያ ይታያል። እነርሱ ግን አባቶቻቸው በጎንደር ተራራ ላይ ይጸልዩት የነበረውን ስለ ኢየሩሳሌም መታደስ የሚለምን ጸሎት አላስቀሩትም። ጾማቸውንም የሚፈቱት ጸሎቱ አልቆ ከከፍታው ሲወርዱ ነው።